ምዕራፍ 7፦ ነጥቡን ሳያዩ ጠጠር አይነሳም

ግጥሚያው እስከ 7 ነጥብ ነው፤ ውጤቱ 6 ለ 5 ደርሷል። አዲሱ ዙር አሁን ተጀመረ። ጠጠሮቹ ሁሉ በመነሻ ቦታቸው ተደርድረዋል፤ ዳይሱ ተወርውሮ 6 እና 4 ወጣ። ይህን ዕጣ ለመጫወት ሦስት ደህና መንገዶች አሉ። የትኛው ይሻላል?

ብርቱ ተጫዋች መልስ ከመስጠቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «6 ያለው ማን ነው?» ዳይሱን የወረወረው ከሆነ አንዱ መንገድ ይመረጣል፤ ወርዋሪው 5 ላይ ያለው ከሆነ ደግሞ ሌላው። ሰሌዳው ያው ነው፤ ዳይሱም ያው ነው፤ የተለወጠው ወረቀት ላይ የተጻፈው ነጥብ ብቻ ነው።

እስካሁን ይህን ነጥብ ዞር ብለን አላየነውም። በምዕራፍ 2 የባክጋሞንን ሰሌዳ፣ 24ቱን ቤቶችና የእያንዳንዱን ተጫዋች 15 ጠጠሮች ተዋወቅን። በምዕራፍ 4 ሁለት ዳይሶች 36 ዓይነት አወጣጥ እንዳላቸው ቆጠርን። በምዕራፍ 5 አሜሪካዊው ፖል ማግሪል እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራውን የደፋርና የጥንቁቅ እርምጃ ልዩነት መረመርን። በምዕራፍ 6 ደግሞ የዙሩን ዋጋ እጥፍ የሚያደርገውን ማጠፊያ ዳይስ አየን። በዚያ ሁሉ ውስጥ ግን እያንዳንዱን ዙር ከፊቱም ከኋላውም ሌላ ዙር እንደሌለው አድርገን ነበር የምናወራው። አሁን ያንን ግምት እናነሳለን። በዚህ ምዕራፍ የምንይዘው ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፦ በግጥሚያ ውስጥ ጥሩ እርምጃ የሚባለው የጎደለዎትን ነጥብ ለማግኘት የተሻለ ዕድል የሚሰጠው ነው፤ በአማካይ ብዙ ነጥብ የሚያመጣው እርምጃ ሁልጊዜ እሱ ላይሆን ይችላል።

ድል ሁሉ እኩል አይደለም

በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ ሻይ ቤት ደጃፍ በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ በዳማ ያሸነፈ አሸነፈ ነው። ለአሸናፊው አንድ ቆርኪ ይቅረው ወይም ስድስት፣ የሚቆጠርለት አንድ ድል ነው። የአገራችን የጥንቱ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ግን ከዚህ ለየት ይል ነበር። የ19ኛው ክፍለ ዘመን መንገደኞች እንደጻፉት፣ የተጋጣሚን ንጉሥ በብርቱ ጠጠር ማጥመድ ብዙም አያስመሰግንም ነበር፤ በደካሞቹ ጠጠሮች ያጠመደ ግን ይሞገሳል። ማሸነፍ ራሱ ደረጃ ነበረው ማለት ነው።

የባክጋሞን አንደኛው ነገር ይህን ደረጃ በቁጥር ማስቀመጡ ነው። 15ቱንም ጠጠሮቹን ቀድሞ ከሰሌዳው ያወጣ ዙሩን ያሸንፋል። ተሸናፊው ቢያንስ አንድ ጠጠር ማውጣት ከቻለ ድሉ 1 ነጥብ ነው። አንድም ሳያወጣ ከተቀደመ ድሉ 2 ነጥብ ይሆናል፤ ይህን ጋሞን ይሉታል፤ እኛ እጥፍ ድል እንበለው። ባለ 3 ነጥብ ድልም አለ፤ እሱ ግን ከስንት አንዴ የሚመጣ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

ሁለተኛው ነገር ጨዋታው በአንድ ዙር አለማለቁ ነው። ይህን ለማየት ወደ ድሮዋ ጎሬ መለስ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1902 በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መሠረት ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆና ከተከፈተች በኋላ፣ የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ ቁልቁል እየወረደ፣ ክረምት የባሮ ወንዝ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይጫን ነበር። በዚያ ዘመን ጎሬ ላይ ይነግዱ የነበሩት ግሪኮች፣ ሶርያውያንና አርመኖች የመጡት ይህ ጨዋታ የቡና ቤት የዕለት ተዕለት ልማድ ከሆነባቸው አገሮች ነው። ሶርያውያኑ ታውላ፣ ግሪኮቹ ታቭሊ፣ አርመኖቹ ናርዲ ይሉታል። ስሙ ቢለያይም ተጫዋቾቹ አንድ ዙር ተጫውተው አይነሱም፤ እስከ 5 ወይም እስከ 7 ነጥብ ቆጥረው ቀድሞ የደረሰው ግጥሚያውን ይወስዳል።

እነዚህ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይወለዳል። ድል መጠን አለው፤ ግጥሚያው ደግሞ ጣሪያ አለው። ከጣሪያው በላይ የሚገኝ ነጥብ ምንም አይጠቅምም። 6 ላይ ያለ ሰው 1 ነጥብ ቢያገኝም 2 ቢያገኝም አሸናፊ ነው፤ ትርፏ ነጥብ ለነገ አትቀመጥለትም።

እሸት ይሸጣል ወይስ ጀንፈል ይያዛል?

ነገሩን ኢሉባቦር በሚያውቀው ቡና እንየው። ያዮ አካባቢ የሚኖር አንድ ገበሬ ቀዩን ቡና ለቅሞ ጨርሷል። ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው እሸቱን ዛሬውኑ ለማጠቢያ ጣቢያ ማስረከብ ነው፤ ዋጋው ቁርጥ ነው፤ 40 ሺህ ብር ያገኛል። ሁለተኛው ቡናውን አድርቆ ጀንፈሉን መያዝ ነው፤ ከወራት በኋላ ገበያው ከደራ 60 ሺህ፣ ከወደቀ 24 ሺህ ብር ያገኛል። የሁለቱ ዕድል እኩል ነው እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው።

ከእነዚህ መንገዶች የቱ ይሻላል? ለሦስት ገበሬዎች ሦስት መልስ አለ።

የመጀመሪያው ገበሬ ዕዳ የለበትም፤ አንድ ዓመት ቢከስር በሚቀጥለው ይክሳል። ለእሱ የሚቆጠረው የብዙ ዓመት አማካይ ነው። የጀንፈሉ አማካይ 42 ሺህ ብር ስለሆነ ከእሸቱ በ2 ሺህ ይበልጣል። ስለዚህ ቢይዝ ያዋጣዋል።

ሁለተኛው ገበሬ በተቆረጠ ቀን 35 ሺህ ብር ዕዳ መክፈል አለበት፤ ካልከፈለ በሬዎቹ ይሸጣሉ። እሸቱን ከሸጠ ዕዳውን ያለ ሥጋት ይዘጋል። ጀንፈሉን ከያዘ ግማሽ ዕድሉ በሬዎቹን ማጣት ነው። በአማካይ የሚበልጠው መንገድ ለእሱ ገደል ነው።

የሦስተኛው ገበሬ ዕዳ ደግሞ 55 ሺህ ብር ነው። እሸቱን ዛሬ ከሸጠ 40 ሺህ ብር በእጁ ይዞ በሬዎቹ ይሸጡበታል፤ ጥንቃቄው አላዳነውም። ጀንፈሉን ከያዘ ግን ግማሽ ዕድል አለው። ጎረቤቶቹ «ቁማርተኛ» ይሉት ይሆናል፤ ነገር ግን ከፊቱ ካሉት ሁለት መንገዶች አንዱ በእርግጠኝነት ያጠፋዋል። ደፋሩ መንገድ ለእሱ ብቸኛው ማስተዋል ነው።

ቡናው አንድ ነው፤ ገበያውም አንድ ነው። ልዩነቱ እያንዳንዱ የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። በባክጋሞን ግጥሚያ ውስጥም ከጣሪያው የሚጎድልዎት ነጥብ እንደዚህ ዕዳ ሆኖ ይሠራል።

አንድ ቦታ፣ አራት ሂሳብ

አሁን ወደ ሰሌዳው እንመለስና ሐሳቡን በቁጥር እንፈትነው። በአንድ ዙር መሐል ሁለት እርምጃዎች ቀርበውልዎታል። እያንዳንዱ 100 ጊዜ ቢሞከር የሚከተለውን ያመጣል እንበል፤ እነዚህም ቁጥሮች ለሂሳቡ እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው።

ደፋሩ እርምጃ፦ 50 ጊዜ ያሸንፋል፤ ከእነዚህ 22ቱ እጥፍ ድል ናቸው። 50 ጊዜ ይሸነፋል፤ ከእነዚህ 14ቱ እጥፍ ሽንፈት ናቸው።

ጥንቁቁ እርምጃ፦ 53 ጊዜ ያሸንፋል፤ ከእነዚህ 8ቱ እጥፍ ድል ናቸው። 47 ጊዜ ይሸነፋል፤ ከእነዚህ 8ቱ እጥፍ ሽንፈት ናቸው።

ማጠፊያውን ለጊዜው እንርሳውና ይህን አንድ ምርጫ በአራት የተለያዩ ውጤቶች ላይ እናስላው።

ሀ. ረጅም ግጥሚያ፣ 0 ለ 0። ጣሪያው ሩቅ ስለሆነ ነጥብ ሁሉ ይጠቅማል። ደፋሩ 72 ነጥብ ያገኛል (28 ነጠላ ድልና 22 እጥፍ)፤ 64 ነጥብ ይሰጣል፤ ትርፉ 8 ነው። ጥንቁቁ 61 ያገኛል፤ 55 ይሰጣል፤ ትርፉ 6 ነው። ደፋሩ በጥቂቱ ይሻላል። ይህ ዕዳ የሌለበት ገበሬ ነው።

ለ. እስከ 7 በሚደረግ ግጥሚያ 6 ለ 6። ማንም ያሸንፍ፣ በምንም ዓይነት ድል ያሸንፍ፣ ግጥሚያው እዚሁ ያበቃል። እጥፍ ድል ዋጋ የለውም፤ እጥፍ ሽንፈትም ተጨማሪ ጉዳት የለውም። የሚቆጠረው የማሸነፍ ብዛት ብቻ ነው፦ ደፋሩ 50፣ ጥንቁቁ 53። ጥንቁቁ ይሻላል።

ሐ. እርስዎ 5፣ ተጋጣሚዎ 6። ነጠላ ድል ቢያገኙ 6 ለ 6 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዙር ለእኩል ተጫዋቾች ግማሽ በግማሽ ነው። እጥፍ ድል ቢያገኙ ግጥሚያው እዚያው የእርስዎ ነው። ከተሸነፉ ግን በነጠላም በእጥፍም ያው ነው፤ አለቀ። ደፋሩ በ22ቱ እጥፍ ድል ግጥሚያውን ይወስዳል፤ ከ28ቱ ነጠላ ድል ደግሞ ግማሹን፣ 14ቱን ያተርፋል፤ በጠቅላላ 36። ጥንቁቁ 8 እና የ45 ግማሽ፣ በጠቅላላ 30.5። ደፋሩ በ5.5 ይበልጣል፤ ይህ በዚህ ጨዋታ ትልቅ ልዩነት ነው።

መ. እርስዎ 6፣ ተጋጣሚዎ 5። ማንኛውም ድል ግጥሚያውን ያመጣል። በነጠላ ቢሸነፉ 6 ለ 6 ሆኖ ግማሽ ተስፋ ይቀራል፤ በእጥፍ ቢሸነፉ ግን ሁሉም ነገር ያበቃል። ደፋሩ 50 እና የ36 ግማሽ፣ 68 ይሆናል። ጥንቁቁ 53 እና የ39 ግማሽ፣ 72.5 ይሆናል። ጥንቁቁ በ4.5 ይበልጣል።

በአራቱም ሂሳብ ውስጥ የተለዋወጠው የእጥፍ ድል ዋጋ ነው። በረጅሙ ግጥሚያ ማሸነፍና መሸነፍ በ2 ነጥብ ይራራቃሉ፤ እጥፍ ድል በዚያ ላይ 1 ነጥብ ስለሚጨምር ዋጋው የዚያ ርቀት ግማሽ ነው። 6 ለ 6 ላይ ዋጋው ዜሮ ይሆናል። 5 ለ 6 ሲመሩዎት ግን ነጠላ ድል ከዜሮ ወደ ግማሽ ያወጣዎታል፤ እጥፍ ድሉ ደግሞ ከግማሽ ወደ ሙሉ። ጭማሪው ከድሉ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው፤ ዋጋው ከረጅሙ ግጥሚያ በሁለት እጥፍ አደገ። በባክጋሞን ሂሳብ ስመ ጥር የሆነው ኪት ዉልዚ ለእያንዳንዱ ውጤት የማሸነፍ ዕድል ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል። በእኩል ተጫዋቾች መካከል 6 ለ 5 የሚመራው ከ100 ግጥሚያ ወደ 70 ገደማ እንደሚያሸንፍ ያሳያል። 5 ላይ ያለው ሰው ከቀረችው 30 አካባቢ ላይ አንዲት እንኳ ለመጨመር እጥፍ ድል ማሳደድ አለበት።

6 እና 4 በእጅ ሲወጣ

ይህ ሁሉ በሰሌዳው ላይ ምን ይመስላል? ምዕራፉ በተከፈተበት ዕጣ እንጀምር። 6 እና 4ን ለመጫወት ያሉት ሦስት መንገዶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ከተጋጣሚ ግቢ፣ ማለትም እሱ ጠጠሮቹን ከሚያወጣባቸው ቤቶች፣ ጥግ ካሉት ሁለት የኋላ ጠጠሮች አንዱን 10 ቤት አስኪዶ ማስወጣት። ሁለተኛ፣ አንዱን የኋላ ጠጠር 6 ቤት አንቀሳቅሶ ከግቢው ደጃፍ ማድረስና፣ ከመሐል ክምር ሌላ ጠጠር በ4 ማውረድ። ሦስተኛ፣ ከ8ኛውና ከ6ኛው ቤት አንድ አንድ ጠጠር አምጥቶ የራስን 2ኛ ቤት መዝጋት።

ረጅም ግጥሚያ ሲጀመር ሦስቱ በጥራት በጣም ተቀራራቢ መሆናቸውን የኮምፒውተር ስሌቶች አረጋግጠዋል። 5 ለ 6 ሲመሩ ግን ሦስተኛው ብቻውን ይወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በግቢ ውስጥ ቤት ሲዘጋ የተመታ፣ ማለትም ከሰሌዳው የተነሳ፣ የተጋጣሚ ጠጠር ተመልሶ ለመግባት ይቸገራል፤ እሱ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ እርስዎ ሌላውንም ያጠቃሉ፤ ከዚያ ጥቃት እጥፍ ድል ይወለዳል። ጉዳቱም ግልጽ ነው፦ 2ኛው ቤት ጥልቅ ነው፤ እዚያ የገቡት ሁለት ጠጠሮች ከዙሩ ትግል ርቀው ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ነጠላ ድሉ በመጠኑ ይቀንሳል። ለሚመራው ይህ ኪሳራ ነው፤ ከቀሩት ሁለት መንገዶች አንዱን ይመርጣል። ለሚከተለው ግን የሚያዋጣ ልውውጥ ነው።

2 እና 1 ደግሞ ይበልጥ የሚያስተምር ዕጣ ነው። በ2ቱ ከመሐል ክምር አንድ ጠጠር ይወርዳል፤ ጥያቄው 1ን ምን እናድርጋት የሚለው ነው። ደፋሩ መንገድ ከ6ኛው ቤት አንድ ጠጠር ወደ 5ኛው ቤት አውርዶ ብቻውን ማቆም ነው። ተጋጣሚው ካልመታው በሚቀጥለው ተራ ያ ውድ ቤት ይዘጋል። ጥንቁቁ መንገድ ከኋላ ጠጠሮች አንዱን በ1 ማንቀሳቀስ ነው። በምዕራፍ 4 በተማርነው አቆጣጠር ብቻውን የቆመው ጠጠር የሚመታባቸው ዕጣዎች እነዚህ ናቸው፦ ከዳይሶቹ አንዱ 4 የሆነባቸው 11፣ 3 እና 1 የሚሆኑባቸው 2፣ 2 ለ 2 አንድ፣ 1 ለ 1 አንድ። በድምሩ ከ36ቱ 15። ከተመታ 20 ቤት የተጓዘው ጉዞ ከንቱ ይቀራል፤ የእጥፍ ሽንፈት በርም ይከፈታል።

ቀደም ባለው ጊዜ ብዙ ጌቶች ደፋሩን መንገድ ይወዱ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የአይቢኤሙ ጄራልድ ቴሳውሮ ቲዲ-ጋሞን የተባለውን ከራሱ ጋር እየተጫወተ የሚማር ፕሮግራም ሲሠራ፣ ፕሮግራሙ ጥንቁቁን መንገድ መረጠ፤ ሰዎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት። ሆኖም ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ ነጥቡ በቀላሉ ይገለብጠዋል። 5 ለ 6 ሲመሩ የድሮዎቹ ጌቶች እርምጃ እንደገና ትክክል ይሆናል፤ የእጥፍ ሽንፈት አይጎዳዎትም፤ 5ኛው ቤት ቢዘጋ ደግሞ እጥፍ ድሉ ይቀርባል። 6 ለ 5 ሲመሩ ያንኑ እርምጃ መድገም ስህተት ነው።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.

ውጤት እርምጃን እንዴት እንደሚገለብጥ አገር ሁሉ ቆሞ ያየበት ቀን አለ። ለ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ በተደረገው የደርሶ መልስ ግጥሚያ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸነፈች። የመልሱ ጨዋታ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ተደረገ። ደንቡ እንዲህ ነበር፦ የሁለቱ ጨዋታ ጎል ተደምሮ እኩል ከሆነ፣ ከሜዳው ውጭ ብዙ ያገባው ያልፋል።

የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ወደ ሜዳ ሲገባ የ1 ለ 0 ድል ምንም ዋጋ አልነበረውም። ተራ ጨዋታ ቢሆን 1 ለ 0 እየመራ ኋላውን የሚዘጋ ቡድን ብልህ ይባላል፤ ያን ቀን ግን ያ ብልሃት ከውድድር መውጣት ነበር። አዳነ ግርማ የመጀመሪያውን ጎል ሲያገባ ድምሩ ገና 5 ለ 4 ነው፤ መግፋት ግድ ነው። ሳላዲን ሰኢድ ሁለተኛውን ሲያገባ ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ በሱዳን ሜዳ በተቆጠሩት ሦስት ጎሎች ኢትዮጵያ አላፊ ሆነች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሦስተኛ ጎል ጥሩ እንጂ ግድ አልነበረም፤ የምትገባ አንዲት ጎል ግን ሁሉንም ታፈርስ ነበር። ተጫዋቾቹ፣ ተጋጣሚውና ሜዳው አልተለወጡም፤ የእያንዳንዱ ጎል ዋጋ ግን በአንዲት ምት ተገለባበጠ። ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ፤ ኢትዮጵያም ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች።

በባክጋሞን ቋንቋ፣ 1 ለ 0 ላይ ቡድኑ እጥፍ ድል የሚያስፈልገው ተጫዋች ነበር፤ 2 ለ 0 ላይ ደግሞ የሚመራው ሆነ።

የክሮፈርድ ደንብና የ5 ነጥብ ሁለት መልክ

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በምዕራፍ 6 ያየነው ማጠፊያ ሲጨመር ሂሳቡ ይጠማዘዛል። ከአሜሪካዊው ጆን ክሮፈርድ ስሙን ያገኘ አንድ ደንብ አለ፦ ከሁለቱ አንዱ ለማሸነፍ 1 ነጥብ ሲቀረው፣ ቀጥሎ ባለው አንድ ዙር ማጠፍ ክልክል ነው። ከዚያ ዙር በኋላ ግን ማጠፍ እንደገና ይፈቀዳል።

የ5 ለ 6 ውጤት ስለዚህ ሁለት መልክ አለው። ተጋጣሚዎ ገና አሁን 6 ከገባ፣ ያለንበት ማጠፍ የተከለከለበት ዙር ነው፤ ከላይ በተራ ሐ ያሰላነውም እሱን ነው። እጥፍ ድል ወርቅ ነው።

አሁን ደግሞ ውጤቱ 4 ለ 6 ሳለ የክልከላውን ዙር አሸንፈው 5 ለ 6 አደረጉት እንበል። ክልከላው አልፏል። ገና ሲጀመር ማጠፊያውን ያዞራሉ፤ ቢሸነፉ ምንም ተጨማሪ የሚያጡት የለምና። ተጋጣሚዎ ከተቀበለ ዙሩ 2 ነጥብ ያወጣል፤ ነጠላ ድል ብቻውን 7 ያደርስዎታል። እጥፍ ድል ዋጋው ዜሮ ወረደ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ያው 5 ለ 6 ነው፤ ትክክለኛው አጨዋወት ግን የ6 ለ 6ን ይመስላል፦ ማሸነፍን ብቻ ማብዛት። በዚህ ጊዜ 2ኛውን ቤት ዘግቶ ጥቃት ማሳደድ የማይጠቅም ነገር በውድ መግዛት ነው።

ስለዚህ ነጥቡን ማንበብ ማለት ሁለት ነገር ማንበብ ነው፦ ስንት ይቀረኛል፤ ይህ ዙር ስንት ያወጣል። 2 ለሚቀረው ሰው ባለ 1 ነጥብ ዙርና ባለ 2 ነጥብ ዙር የተለያዩ ጨዋታዎች ናቸው።

ሁለት ዓይነት ፍርሃት

ጀማሪዎች ይህን ምዕራፍ ሲያነቡ ብዙ ጊዜ አንድ አጭር ደንብ ይዘው ይወጣሉ፦ የመራ ይጠንቀቅ፣ የተመራ ይድፈር። ደንቡ አንዳንዴ ይሠራል፤ ግን ያሳስታል፤ ሁለት ዓይነት ፍርሃትን ስለሚያደባልቅ ነው። አንዱ የመሸነፍ ፍርሃት ነው፤ ሌላው በእጥፍ የመሸነፍ ፍርሃት። ነጥቡ የሚያበዛውና የሚያጠፋው ሁለተኛውን ነው።

6 ለ 6ን እንደገና ይመልከቱ። «የመጨረሻው ዙር ስለሆነ እንጠንቀቅ» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን በዚህ ውጤት በእጥፍ መሸነፍ ከተራ ሽንፈት በምንም አይለይም። በተጋጣሚ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት ይዞ ለረጅም ጊዜ አድፍጦ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጠጠር ለመምታት መጠበቅ የሚባል ስልት አለ። በተራ ጨዋታ ብዙዎች የሚሸሹት ሲከሽፍ በእጥፍ ስለሚያስቀጣ ነው። 6 ለ 6 ላይ ያ ቅጣት የለም። ስለዚህ የማሸነፍ ዕድሉን አንድ እጅ እንኳ የሚጨምር ከሆነ ከኋላ መቆየት ይፈቀዳል። ተጋጣሚው 6 ላይ በሆነ ቁጥር፣ እርስዎ 2 ይኑርዎት ወይም 5፣ ይኸው እውነት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ሁለታችሁም 5 ሆናችሁ ማጠፊያው 2 ላይ ከዞረ፣ ማንም የመራ የለም፤ ቢሆንም ዙሩ የመጨረሻ ነው፤ እጥፍ ድልም እጥፍ ሽንፈትም ሞተዋል። መሪና ተመሪ በሌለበትም ነጥቡ አጨዋወቱን ለወጠ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ማጽናኛ አለ። ግጥሚያው ገና ሲጀመር፣ 1 ለ 0 ወይም 2 ለ 1 ላይ ስለ ነጥቡ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ጣሪያው ሩቅ ስለሆነ በምዕራፍ 5 የተማሩት እንዳለ ይሠራል። ከሁለቱ አንዱ ሁለት ነጥብ ብቻ ሲቀረው ግን ቆም ማለት ይጀምሩ።

ጠጠር ከማንሳትዎ በፊት

ሂሳቡን ሁሉ በቃል መያዝ አይጠበቅብዎትም። በእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያ አራት ጥያቄ ይበቃል። ይህ ዙር ስንት ነጥብ ያወጣል? በነጠላ ባሸንፍ የት እደርሳለሁ? በእጥፍ ባሸንፍ ከዚያ ምን ይጨምርልኛል? በእጥፍ ብሸነፍ ከተራ ሽንፈት ምን ያህል ይብሳል? ሦስተኛው መልስ ትልቅ ከሆነ ቤት ይዝጉ፣ ያጥቁ፣ ብቻውን የሚቆም ጠጠር አይፍሩ። አራተኛው ትልቅ ከሆነ የኋላ ጠጠሮችዎን ቶሎ ያስወጡ። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ የማሸነፍን ብዛት ብቻ ይቁጠሩ።

ከጓደኛዎ ጋር ሲቀመጡ ነጥቡን ሁለታችሁም በምታዩት ቦታ ጻፉት፤ የ6 እና 4ን ዕጣ በ0 ለ 0፣ በ5 ለ 6 እና በ6 ለ 5 እየተጫወታችሁ ልዩነቱን ተከታተሉ። ነጥቡን ሳያይ ጠጠር ያነሳ ተጫዋች እርምጃው ትክክል ቢሆን እንኳ ትክክል የሆነው በአጋጣሚ ነው።